ወደ ኋላ የሚያየው ግመል

ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥቼ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር መግቢያ ላይ ስደርስ፣ የአባቴን ሱቅ ገና ሳላየው ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ። አኳራጅ ነው፤ ቀለም ቀቢዎች ብሩሻቸውን የሚያጥቡበት፣ ወፍራም ቀለም የሚያቀጥኑበት፣ በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ፈሳሽ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። እኔ ግን የትም ቢሸተኝ እግሬ ይቆማል፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ሲቀባ እንኳ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ምን ሆነሽ ነው?" እስኪሉኝ ድረስ ደብተር እንደታቀፍሁ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ሽታው የሚመጣው ከእኛው ሱቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ያሲን ሱቁን ሊያሳድሰው፣ ስሙንም ሊለውጠው ወስኗል። አንድ ወጣት ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ወጥቶ ከበሩ በላይ ያለውን ሳንቃ ይፍቃል፤ መሬት ላይ በተዘረጋው ጋዜጣ ላይ ቀይ ቅርፊት እንደ በርበሬ ገለባ ይረግፋል። ያሲን እንዳየኝ፣ "እሰይ መጣሽልኝ! አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ እስኪ ስም አውጪልኝ። አጭር ይሁን፣ ዘመናዊ ይሁን፣ ማንም አንዴ አይቶ የማይረሳው ይሁን" አለኝ። እሺ አልሁት። ሳምንቱን ሙሉ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ስጮህ ሰንብቼ ድምፄም ጉልበቴም አልቆ ነበርና ከእሺ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሱቁ ውስጥ ገብቼ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥሁና ቅርፊቱ ሲረግፍ አይ ጀመር። ይህ ሳንቃ ስም ሲለውጥ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

የማስረዳት ልማድ አለብኝና ነገሩን ከሳንቃው ልጀምር። ከጫፍ እስከ ጫፍ በሩን ተሻግሮ የተጋደመ ሰፊ ሳንቃ ነው፤ በልጅነቴ በላዩ ላይ ግመል ነበረበት። ፊደል የለውም፣ የባለቤት ስም የለውም፤ ግመል ብቻ። ያስቀባው አያቴ ነው። የእሱ አባት ከየመን በአሰብ በኩል ሲመጣ ዕቃውን የጫነው በግመል ነበርና፣ አያቴ ሱቁን ሲከፍት ከግመል የተሻለ ባለውለታ አላገኘም። የጣራ ቆርቆሮ እንዳይዝግ ከሚቀባው ቀይ ቀለም የተረፈ ስለነበረ ግመሉ ቀይ ሆነ። ሠዓሊው ደግሞ፣ አላህ ይማረውና፣ ሥራውን ከጭራው ጀመረ። ጭራውን ሣለ፣ የኋላ እግሮቹን ሣለ፣ ሻኛውን እንደ ጦሳ ተራራ ከምሮ አሳመረው፤ የፊት እግሮቹ ላይ ሲደርስ ሳንቃው አለቀ። አንገትና ራስ ገና አልተሠሩም። አያቴ ሌላ ሳንቃ ለመግዛት እምቢ ቢለው ጊዜ፣ ሠዓሊው የግመሉን አንገት እንደ ማጭድ አጠፈና ወደ ኋላ መለሰው። እንዲህ ሆኖ ግመላችን አንድ ነገር ከሻኛው ላይ የወደቀበት ይመስል ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጭራው ሲመለከት ኖረ።

በዚያ ዘመን ከሐርቡና ከዚያ ወዲያ ካለው ቆላ ለሰኞ ገበያ የሚወጣው ሰው አብዛኛው ፊደል አይለይም ነበር። ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ በጉሙ ውስጥ ቀና ብሎ የሚፈልገው ቀዩን ግመል ነው። ላምባው፣ ጨው፣ ሽርጡ፣ የባትሪ ድንጋዩ፣ ማንቆርቆሪያው ከእኛ ዘንድ ይገዛል፤ ነገር ግን የሱቃችን ዋና ሥራ ሽያጭ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰዎች ሎሚና ማሾ ሸጠው እስኪጨርሱ በትራቸውን፣ ጋቢያቸውን፣ አንዳንዴም የሚያለቅስ ሕፃን ሳይቀር እኛ ዘንድ ያስቀምጡ ነበር። ባልና ሚስት በገበያው ግርግር ቢጠፋፉ ግመሉ ሥር ይገናኛሉ። ለሙሽራ የተሰፋ ቀሚስ፣ ለታመመ ሰው የተገዛ መድኃኒት፣ የተጣላ ወንድም የላከው የእርቅ መልእክት፣ ሁሉም "ግመሉ ጋ" ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ከግመሉ ይወስደዋል። አባቴን በስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። ስሙ ሰይድ ነበር፤ የቆላ ሰዎች ግን "ባለግመሉ" ይሉታል። አንድም ግመል ኖሮት የማያውቅ፣ ግመል ቢያይ ምናልባት የሚሸሽ፣ ቀጭንና ዓይን አፋር ሰው ነበር።

ከእነዚህ ደንበኞች አንዷ እማ ዘሀራ ነበሩ። ከሐርቡ በላይ ካለች የተራራ መንደር የሚመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላቸው፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት። ልጃቸው ሁሴን የገበሬ ማኅበሩ ኮታ ደርሶት ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ ምልምሎቹን የጫነው መኪና ደሴ ላይ ጥቂት ቆመና እናትና ልጅ መጥተው ግመሉ ሥር ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጥርሴን እየቀየርሁ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ዳቦ ለሁለት ገምሰው አንዳቸውም ሳይበሉት በእጃቸው ይዘው መቀመጣቸው ትዝ ይለኛል። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ ሰዉ ቀዬውን መልቀቅ ጀምሮ ነበርና፣ እማ ዘሀራ ከሁሉ የፈሩት ልጃቸው ሲመለስ ቤቱን እንዳያጣው ነው። ሁሴን ፊደል አይለይም፣ እሳቸውም አይለዩም፤ በደብዳቤ መገናኘት አይታሰብም።

"ስማኝ ልጄ" አሉት፣ ጣታቸውን ወደ ሳንቃው ቀስረው፤ "ቤቱን ብታጣው ይሄን አታጣውም። እዚህ ና። ሰኞ ሰኞ እዚሁ ነኝ፣ ወላሂ።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "አንተስ ሰይድዬ? ግመልህን ይዘህ ብን እንዳትልብኝ!"

አባቴ ከመሸጫው ጠረጴዛ ጀርባ ብድግ አለ። "አብሽሩ እማ ዘሀራ" አላቸው። "ወላሂ ይሄ ግመል ከዚህ ንቅንቅ አይልም።"

መሐላው ይህ ነው። አባቴ በቀላሉ የሚምል ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ነው በደንብ የማስታውሰው።

የተፈራው ድርቅ ደረሰ። የእማ ዘሀራ መንደር ባዶ ቀረች፤ ገሚሱ ሕዝብ ወደ ምዕራብ ለሰፈራ ተጫነ፣ ገሚሱ መንገድ ላይ ቀረ። እሳቸው በእግራቸው ደሴ ወጥተው ከከተማው ዳር እህታቸው ቤት ተጠጉ። ሳቃቸው ቀነሰ እንጂ ሰኞ አልቀረባቸውም። የሚሸጡት ነገር ባይኖራቸውም እንኳ ነጠላቸውን አጥበው መጥተው ግመሉ ሥር ይቀመጣሉ። አባቴ ለእሳቸው ብሎ አንድ አግዳሚ አሠርቶ ከበሩ ጎን አኖረ። ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ዝም ይላል፤ ሰኞ ዕለት ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እንግዲህ ስለ ሳንቃው የመጀመሪያ የስም ለውጥ ልንገራችሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለአንድ በዓል ዝግጅት ሲባል በሰኞ ገበያ ያሉ ሱቆች ሁሉ ዘመኑን የሚመስል ስምና አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም እንዲኖራቸው ተባለ። በየሱቁ የሚዞረው ካድሬ ገና ጺሙ ያልጠናለት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ክፉ የማይመስል ወጣት ነበር። ከበራችን ፊት ቆሞ ቀና ብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ጎረቤቶቻችን፣ ልብስ ሰፊውም ባለሻይ ቤቷም፣ ሥራቸውን ትተው ወጡ።

"ጓድ ሰይድ፣ ይሄ ግመል ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደ ኋላ ነው ጌታዬ።"

"ጌታ የሚባል የለም አሁን። አብዮቱስ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደፊት ነው ይባላል።"

"ይባላል?"

"ነው! ወደፊት ነው" አለ አባቴ፣ ላብ እያጠመቀው። "ግመሉም እኮ ሊያይ ፈልጎ አይደለም። ሳንቃው ነው ያለቀው።"

ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊው መቀሱን እስኪጥል ሳቀ። አሁን ሳስበው ግመሉን ያጠፋብን ያ ሳቅ ይመስለኛል፤ ወጣቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት አልፎት ይሄድ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማው ግን ፊቱ ቀላና፣ ሳንቃው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ካልተለወጠ የንግድ ፈቃዱ እንደማይታደስ ተናግሮ ሄደ።

አባቴ በነጋታው ወደ ቀበሌው ሄደ፤ በማግስቱም ሄደ። ግመሉ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ አንዲት እናት ልጇን የቀጠረችበት ቦታ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ። "ታዲያ ልጇ አብዮታዊ ወታደር አይደለም ወይ? ወደፊት የሚያይ ነገር ቢያገኝ ይደሰታል" ብለው መለሱት። እናቴ፣ "ተው ሰይዶ፣ ሱቁ ከተዘጋ ግመሉ ብቻውን ማንን ሊቀበል ነው?" አለችው። ሱቅ ከሌለ ለእማ ዘሀራም መቀመጫ የለም፣ ለእኛም እንጀራ የለም። ወደ ኡስታዙ ሄዶ የመሐላውን ነገር ጠየቀና መሐላ ያፈረሰ ሰው እንደሚያደርገው ድሆች ሰብስቦ አበላ፤ ልቡ አልሞላ ብሎት ደግሞ ጾመ። ከዚያ ቀለም ቀቢውን ጋሽ በቀለን አስጠራው።

ጋሽ በቀለ በዚያ ሰሞን ከደሴ ሰው ሁሉ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። በየአደባባዩ የሚሰቀሉትን የሦስቱን ጺማም ፈረንጆች ሥዕል የሚሠራው እሱ ነው፤ ሲመጣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ጥቁር ናቸው። "ጺም ነው የጨረሰኝ" ይላል፤ "ከፊታቸው ይልቅ ጺማቸው ቀለም ይበላል።" አባቴን ስም ምረጥ አለው። "ኅብረት አለኝ፣ ጮራ አለኝ፣ ዕድገት አለኝ። እኔ ብሆን ዕድገትን እወስዳለሁ፤ እጄ ለምዶታል።" አባቴ የትኛውም ግድ አልነበረውምና ዕድገት ተባለ። በኋላ እንዳየነው ሻይ ቤቷም ዕድገት፣ ልብስ ሰፊውም ዕድገት፣ ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይም ዕድገት ሆኑ። የጋሽ በቀለ እጅ በእርግጥም ለምዶት ነበር።

ስሙ ከተመረጠ በኋላ አባቴ መሰላሉን ይዞ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በቀለ፣ ይሄ ነገር ሳይጠፋ መጥፋት ይችል ይሆን?" አለው።

ጋሽ በቀለ ግራ ቀኙን አየ። "ብርጭቆ ወረቀት አላስነካውም" አለ በሹክሹክታ። "እንደነገሩ አለብሰዋለሁ። ቀለሙን በአኳራጅ አቀጥነዋለሁ፤ ለበዓሉ ያምራል፣ ሁለት ክረምት ግን አይችልም። ደሴ ዝናብ እንጂ ሌላ ምን አላት? እሷው ትልጥልሃለች።"

ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ቀለም የሚይዘው ከሥሩ ያለው ነገር ሲሻከርለት ነው። አሮጌው ቀለም ሳይፋቅ፣ አዲሱም በአኳራጅ ሲቀጥን፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሳይዋደድ ተኝቶበት ይቆያል። ያን ቀን ሱቃችን እንዲያ በአኳራጅ እንደታፈነ ነበር የዋለው፤ ስኳሩ ሳይቀር አኳራጅ አኳራጅ ሸተተ። ግመሉ ከጭራው ጀምሮ ሰማያዊ ለበሰ። ራሱ የመጨረሻው ሆነ፤ ዓይኑ ላይ ብሩሹ ሲደርስ አባቴ ወደ ውስጥ ገባ።

የሚቀጥለው ሰኞ የቆላ ሰዎች ከመኪና ወርደው ቀና አሉ። ሁሉም ሰማያዊ ነው፣ ሁሉም ዕድገት ነው። ሎሚ የተሸከሙ ሴቶች በበራችን ፊት ወጥተው ይወርዳሉ፤ ሳንቃውን እንጂ የሰውን ፊት የማየት ልማድ ስላልነበራቸው፣ በሩ ላይ የቆመውን አባቴን አልፈውት ይሄዳሉ። እሱ ደግሞ ጮኾ መጥራት ያፍራል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ተከዘ ብለው ገቡ፤ በአገራቸው ምልክቱን ያወረደ ቤት ባለቤቱ የሞተበት ቤት ነው። ጨለም ባለው የሱቁ ጥግ ለተቀመጠው ሰው፣ "አላህ ያጽናችሁ። ባለግመሉ መቼ ነው ያረፈው?" አሉት።

"ገና ነኝ አባቴ" አላቸው አባቴ። "እኔው ነኝ።"

ሽማግሌው "አላሁ አክበር!" ብለው ደረታቸውን ያዙ፤ ኋላ ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ወር ግን ለቅሶ ሊደርስ የሚገባ ሰው በዛ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ለቅሶ እንኳ ሳይደርስ ቀርቶ ሌላ ሱቅ ለመደ። አባቴ ስለ ገበያው አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁም። እሱ የሚጨነቀው በአንድ ነገር ነበር፤ ሁሴን መጥቶ ቢያልፍስ?

እማ ዘሀራን ማንም ሊያሳስታቸው አልቻለም፤ አግዳሚያቸውን ያውቁታል። የመጀመሪያው ሰኞ ሳንቃውን ቀና ብለው አዩት። አባቴ አጠገባቸው ቆሞ አንገቱን ደፋ። "እማ ዘሀራ፣ መሐላዬን..." ብሎ ጀመረ። እሳቸው ግን፣ "ከሥሩ አለ አይደል?" አሉት። "አለ" አላቸው። "እንግዲያስ ተኝቷል በለኝ፤ ይነሳል" ብለው ተቀመጡ።

ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ በእርግጥም መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኑ ወጣ። ዕድገት ከሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደል ወዲያ ሰማያዊው ተሰነጠቀና አንዲት ቀይ ነጥብ ታየች፤ እማ ዘሀራ አይተዋት እልል አሉ። ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ የአንገቱ መታጠፊያ። ማን እንደሆነ ለሚያውቀው ግመሉ ከፊደሎቹ ኋላ ቆሞ አጮልቆ የሚያይ ይመስል ነበር። ካድሬው ሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለሄደ፣ የተተካውም ቀና ብሎ የማያይ ሰው ስለነበረ ማንም አልተናገረውም። አባቴ ሱቁን ሲከፍት በቆረጣ ሽቅብ ያያል፤ ከዚያ ቢስሚላሂ ብሎ ይገባል። ከቆላ ሰዎችም ገሚሶቹ እየተመለሱ፣ "አይ ባለግመሉ፣ ለካ ከነሕይወትህ ነህ!" እያሉ ያሾፉበት ጀመር።

ሁሴን ግን አልመጣም። ሰኞ እየመጣ ሰኞ ሄደ። እማ ዘሀራ አረጁ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚያንጎላጁበት ጊዜ ከሚያወሩበት በለጠ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን አጠገባቸው አኖርና፣ "እስኪ ዛሬ ምን ተማርሽ?" ሲሉኝ የተማርሁትን ሁሉ አስረዳቸዋለሁ። ከሁሉ በፊት ያስተማርኋቸው ተማሪ እሳቸው ናቸው። አንዱንም አልተቀበሉኝም፤ መሬት ትዞራለች ስላቸው፣ "ብትዞርማ ግመሉ ቀና ብሎ ወደፊት ባየ ነበር" ይሉኛል።

በመጨረሻ ደርግ ወደቀ፤ ከተማዋም እጅ ለወጠች። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ መሰላል ይዞ ወጣ፤ ጮራ ወረደ፣ ኅብረት ወረደ። አባቴ ግን እንደሌሎቹ ስም ለማውረድ አልነበረም የቸኮለው። ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ በእግሩ ወደ አገሩ ይጎርፋል። በሱቃችን ፊት ጨርቅ በእግራቸው የጠቀለሉ፣ ከንፈራቸው የደረቀ፣ ማንንም ቀና ብለው የማያዩ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ። ከነዚህ አንዱ ሁሴን ቢሆንስ? አባቴ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዞ መሰላል ላይ ወጣና ሰማያዊውን መፋቅ ጀመረ።

ሰማያዊው ግን ብቻውን አልወረደም። በዝናቡ ብዛት ሁለቱ ቀለሞች ተጣብቀው ኖሮ፣ ቢላዋው በገባ ቁጥር ቀዩ ከሰማያዊው ጋር አብሮ ይነሳል። አንገቱ አንድ ላይ ተልጦ እንደ ቆዳ ተንጠለጠለ። አባቴ ደነገጠና ቆመ፤ ቀስ ብሎ በሌላ በኩል ሞከረ፤ ሻኛው ረገፈ። ሲወርድ ጢሙና ቅንድቡ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብናኝ ነበር። ሳንቃው ከእንጨት በቀር ምንም አልነበረበትም።

ጋሽ በቀለ ተጠርቶ መጣና አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "እኔ እኮ ዝናቡ ይላጠው ብዬ ነው ያቀጠንሁት" አለ። "አንተ ቢላ ይዘህ ገባህበት፤ ምን ላርግህ?" ጺሙ ገበያ ስላጣ ሥራ ፈትቶ ነበርና ያለ ብዙ ንግግር አዲስ ግመል ጀመረ። እንደ ጥንቱ ሠዓሊ ሳንቃው እንዳያልቅበት ልኩን በክር ለክቶ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ ወደፊት እንዲያይ አድርጎ ነደፈው። አባቴ ከታች ሆኖ፣ "ወደ ኋላ!" ብሎ ጮኸ። በሕይወቴ አባቴ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "በቀለ፣ አላህን ፍራ፣ ወደ ኋላ መልሰው!" ጋሽ በቀለም መለሰው።

ሁሴን የመጣው አዲሱ ግመል ከደረቀ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰኞ ዕለት ነው። ከኮምቦልቻ እህል ጭኖ በወጣ መኪና ላይ ተሸካሚ ሆኖ ነበር የመጣው። ጆንያ በትከሻው እንደያዘ ከመንገዱ መሐል ቆመና ሳንቃውን ቀና ብሎ አየ። ሰው ገፋው፣ አህያ ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። አንድ እግሩ ያነክስ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ከግመሉ ላይ ቀስ ብሎ አወረደና አግዳሚው ላይ ያንጎላጁትን አሮጊት አየ። ጆንያውን ጣለው። እማ ዘሀራ በጆንያው ድምፅ ነቁ።

"እማ" አለ።

እሳቸው ወዲያው አላቀፉትም። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ነው የጮኹት። ባለሻይ ቤቷ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሎሚ ሻጮቹ ሁሉ ተሰብስበው አለቀሱ፤ እኔም ማን ከማን እንደሆነ ሳላውቅ አንዲት የማላውቃት ሴት አቅፋኝ አለቀስሁ።

ወሬው ሁሉ የመጣው ኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ነው። ሁሴን ከጦርነቱ መጨረሻ በፊት እግሩን ቆስሎ ተሰናብቶ ኖሯል። መንደሩ ሄዶ ባዶ መሬት አገኘ፤ የቀሩት ሰዎች እናትህ ወደ ሰፈራ ሳትሄድ አትቀርም አሉት። እሱ ግን የግመሉን ቃል ያዘና ሰኞ ገበያ ወጣ። ሰኞ አልነበረም፤ ሐሙስ ነበር። ሱቆቹን ማንንም ሳይጠይቅ አንድ በአንድ አያቸው፤ ግመሉን አጣው። እናቴ በእርግጥ ሄዳለች ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ወረደና እዚያው ጆንያ እየተሸከመ ኖረ። ከደሴ ኮምቦልቻ ጠመዝማዛውን መንገድ መውረድ ብቻ ነው። ከክረምት እስከ ክረምት፣ እናት ላይ፣ ልጅ ታች።

"ያን ጊዜ እኮ ዓይኑ ወጥቶ ነበር!" አለ አባቴ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። "አንገቱም ይታይ ነበር። እንዴት ሳታየው?"

ሁሴን ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ጦሩ ውስጥ ፊደል አስተምረውኝ ነበር" አለ። "የመጀመሪያዋን ደብዳቤ 'ለግመሉ ሱቅ' ብዬ ጽፌያለሁ፤ የት እንደገባች አላውቅም። ደሴ ስገባ ማንበብ መቻሌ ደስ ብሎኝ የሱቁን ስም ሁሉ እያነበብሁ ነው ያለፍሁት። እዚህም ደርሼ አነበብሁ። ዕድገት ይላል። አነበብሁትና አለፍሁ።"

እማ ዘሀራ የልጃቸውን ጉልበት መታ አድርገው፣ "ግመሉ አይቶሃል" አሉት። "ወደ ኋላ የሚያየው ለምን ሆነና? አንተ ነህ ያላየኸው።" አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሲጀምር ደግሞ ጥንት የምናውቀው ሳቃቸው መጣባቸው። "ተው ሰይድዬ፣ ሳንቃው እኮ ነው ያለቀው!"

በማግስቱ ሁሴን እናቱን ይዟቸው ኮምቦልቻ ወረደ። የሚቀጥለው ሰኞ አግዳሚው ባዶ ሆነ። ይህ ደስ ሊያሰኘን የሚገባ ነገር ነበር፤ ደስም ብሎናል። አባቴ ግን ሰኞ ሰኞ ከልማዱ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ ማንም እንዳልተቀመጠበት ሲያይ ወደ ውስጥ ይመለሳል። እማ ዘሀራ ከልጃቸው ጋር ብዙ አልቆዩም። አልፈው አባቴ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ፣ ስለ ሞታቸው ምንም ሳይናገር፣ "እነዚያን ሰኞዎች ማን ይመልስላቸዋል?" አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላወቅሁም። እሱም ካለፈ ዓመታት ሆነው፤ አላህ ይርሃመው። አሁን እኔ ኮምቦልቻ ለልጆች ፊደል አስተምራለሁ። ጎበዞች ናቸው፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤታቸው ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ሳያስቀሩ እያነበቡ ይሄዳሉ። ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቀን ግን ከኋላቸው ቆሜ እያየኋቸው በጣም ይደክመኛል።

ያሲን ከውጭ፣ "ስሙስ? አልመጣልሽም?" ብሎ ተጣራ። ተነስቼ ወጣሁ። ወጣቱ ቀለም ቀቢ ፍቆ ጨርሶ ጋዜጣውን እየጠቀለለ ነበር፤ ቀዩ ግመል በሙሉ ተጠቅልሎ እጁ ላይ ነው። ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አለስልሶታል።

"የእኔ ወንድም" አልሁት፣ "ቀለሙን ትንሽ በአኳራጅ ብታቀጥነውስ?"

በመገረም አየኝ። "ለምን መምህርት? ይሄ እኮ የዋዛ ቀለም አይደለም። አንዴ ከያዘ ዝናብ አይነካው፣ ፀሐይ አይነካው።" ደግሞም ያልገባኝ መስሎት ሳንቃውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። "መቼም አይላጥም" አለኝ። "አብሽሪ፣ መቼም አይላጥም።" ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነበር።